በጾሙና በፍስኩ መሃል ያለው መስመር የማን ነው?

ባለፈው ዐቢይ ጾም አዳማ ውስጥ ለአንድ ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝሩን በድረ ገጽ እንድሠራ ታዘዝኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ላይ ኪውአር ኮድ ይለጠፋል። ደንበኛው በስልኩ ካሜራ ያነሳዋል። ዝርዝሩ ይከፈትለታል። የቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። የፈለጉትን ሲነግሩኝ ነገር አላበዙም። «የጾሙን በአንድ ወገን፣ የፍስኩን በሌላ ወገን አድርግልኝ። መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ይሁን። የጾመ ሰው ዓይኑ ስቶ ጥብስ ላይ እንዳያርፍ።»

ሠራሁት። ሁለት ዓምድ፣ መሃላቸው ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር። ያምር ነበር። ለሙከራ ግን በሁለቱም ወገን 6፣ 6 ምግብ ነበር ያስገባሁት። እውነተኛው ዝርዝር ሲመጣ የጾሙ 14 ሆነ፣ የፍስኩ 4። ሁዳዴ ነው፣ ምን ይደንቃል። መስመሩ ዱለት ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በታች ተጋቢኖው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ምስር ወጡ ሁሉ ያለ ድንበር ወረደ። እትዬ ላፕቶፑን አየት አድርገው «ልጄ፣ ይሄ መስመር ምነው መንገድ ላይ ቀረ?» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ነው። ዎርድ ላይ ገጹን በሁለት ዓምድ ከፍላችሁ መሃሉ ላይ መስመር ለማስገባት አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃል። ድረ ገጽ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥራውን የጀመረ ሁሉ ይህቺን መስመር አንድ ቀን ይጋፈጣታል። እኔ እንደገባኝ ከሆነ ችግሩ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ይመነጫል፦ መስመሩ የማን ነው?

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሁለት ጎረቤታሞች ግቢ መሃል አጥር አለ እንበል። አጥሩ ወይ የአንዱ ነው፣ ወይ የሌላው፣ ወይ የጋራ። የአንዱ ከሆነ የእሱ ግቢ ሲያልቅ አጥሩም ያልቃል። የጎረቤቱ ግቢ ከዚያ በኋላ ቢቀጥልም ለእሱ የሚያጥርለት የለም። የእትዬ መስመር ላይ የደረሰው ይኸው ነው። መስመሩን የሰጠሁት ለፍስኩ ዓምድ ነበር። ፍስኩ በ4 ምግብ አለቀ፣ መስመሩም አብሮ አለቀ።

መጀመሪያ ግን፣ መስመር ያስፈልጋል ወይ?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ባዶ ቦታ ራሱ ይለያል። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ተመልከቱ። ብዙዎቹ በሁለት ዓምድ፣ ትልልቆቹ ደግሞ በሦስት ዓምድ የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊው ቀለም ከመንካቱ በፊት ብራናውን ጠርዙ ላይ በወስፌ ይወጋል። ከዚያ ቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል። የዓምዱ ግራና ቀኝ ጠርዝም እንዲሁ ይሰመራል። ይህ መስመር ለአንባቢ የታሰበ አይደለም። ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ብቻ ነው ብቅ የሚለው። በዓምዶቹ መሃል የሚታየው ባዶው ብራና ነው፣ እሱም ይበቃል። ለክብር ሲፈለግ ሐረግ ይሳላል። ሐረጉ የገጹን ራስ ይዞ በዓምዶቹ መሃል ወደ ታች የሚወርድበት ጊዜም አለ። እሱ ግን ጌጥ ነው። ዓይን እንዳይስት የተደረገ አይደለም።

ጋዜጣ ሌላ ነው። ፊደል ከቀለጠ እርሳስ ተሠርቶ በእጅ ይደረደር በነበረበት ዘመን በዓምዶች መሃል የሚታተመው መስመር ቀጭን የናስ ዘንግ ነበር። ገበታው ላይ በሁለት የፊደል ክምር መሃል የሚቆም እውነተኛ ዕቃ። የአንዱም ዓምድ ንብረት አልነበረም። ቁመቱ የገጹ ቁመት ነው፤ ዓምዱ ውስጥ ያለው ዜና ቢያጥር ዘንጉ አያጥርም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው። የግራው ዓምድ ቀኝ ጠርዝ ላይ ያለው ነገር ከቀኙ ዓምድ መጀመሪያ ጋር ተያይዞ ሊነበብ የሚችል ከሆነ መስመር ያስፈልጋል። የምግብ ዝርዝር ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ሽሮ በግራ አለ፣ ዋጋው በዓምዱ ቀኝ ጫፍ ላይ ተጽፏል፣ ከዋጋው ቀጥሎ ደግሞ «ጎድን ጥብስ» ይመጣል። ዋጋው የሽሮው ነው የጥብሱ? የተራበ ሰው ይህን እንዲያመዛዝን ማስገደድ ደግ አይደለም። እዚህ ላይ እትዬ ልክ ነበሩ። ተራ ጽሑፍ ብቻ ያለባቸው ሁለት ዓምዶች ከሆኑ ግን መስመሩን ትታችሁ ክፍተቱን ብታሰፉት ይሻላል።

ሁሉም ሳጥን ነው

ድረ ገጽ በሁለት ቋንቋ ይሠራል ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ኤችቲኤምኤል «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው» ይላል። ሲኤስኤስ ደግሞ «እንዲህ ይምሰል» ይላል። ለሲኤስኤስ ገጹ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ይዘቱ አለ። በይዘቱ ዙሪያ ፓዲንግ የሚባል የውስጥ ክፍተት አለ። ከዚያ ቦርደር ይመጣል፣ ጠርዙ ማለት ነው። ከጠርዙ ውጪ ማርጂን አለ፤ ከጎረቤት የሚያርቀው ባዶ ቦታ ነው።

ልብ በሉ። በዚህ አሠራር «መሃል» የሚባል ሳጥን የለም። የግራው ዓምድ ሳጥን ነው፣ የቀኙም ሳጥን ነው፣ ሁለቱን ያቀፈው ወላጅ ሳጥንም አለ። በሁለቱ ዓምዶች መሃል ያለው ክፍተት ግን የማንም አይደለም። ስለዚህ መስመሩን ከአንዳቸው ጋር ማዛመድ ግድ ይሆናል። አብዛኛው ሰው እንደ እኔ የቀኙን ዓምድ የግራ ቦርደር ያሰምራል። የሳጥን ቁመት ደግሞ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር የይዘቱ ቁመት ነው። 4 ምግብ ያለው ሳጥን የ4 ምግብ ያህል ይቆማል።

ለዚህ ችግር ሰዎች ዓመታት ታግለዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ። የሲኤስኤስ የመጀመሪያው ደረጃ በታኅሣሥ 1996 ሲጸድቅ ለሙሉ ገጽ አቀማመጥ የታሰበ ነገር አልነበረውም። ሰው ስለዚህ ገጹን በሠንጠረዥ ይሠራ ነበር። የሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ላይ ያሉ ክፍሎች ሁልጊዜ እኩል ቁመት አላቸውና መስመሩ አይቋረጥም ነበር። ግን ሠንጠረዥ የተፈጠረው ለመረጃ ነው። ገጹን በሙሉ በሠንጠረዥ ውስጥ ሠንጠረዥ እያደረጉ መሥራት ኮዱን ጫካ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የፍሎት ዘመን መጣ። ፍሎት የተሠራው ፎቶ በአንድ ጎን ሆኖ ጽሑፍ በዙሪያው እንዲፈስ ነው። ሰው ግን ዓምድ አቆመበት። እኩል ቁመት የሚባለው ነገር እዚያ ላይ ቀረ። ያኔ የተፈለሰፈው መላ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። መስመሩን ከዓምዶቹ ነጥቀው ለወላጁ ሰጡት። ቁመቷ 1 ፒክስል (የስክሪን አንዲት ነጥብ) የሆነች፣ መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ቀለም ያላት ቀጭን ምስል ይሠራሉ። ያቺን ምስል የወላጁ ሳጥን ጀርባ ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች ይደጋግሟታል። ወላጁ የረጅሙን ልጁን ያህል ይቆማልና መስመሩ ታች ይደርሳል። አንባቢ ዓምዶቹ እኩል የሆኑ ይመስለዋል። ሌሎች ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓምድ ከታች 32,767 ፒክስል ፓዲንግ ይሰጡ ነበር፣ ያንኑ ያህል በአሉታዊ ማርጂን ይመልሱት ነበር፣ ትርፉን በወላጁ ጠርዝ ይቆርጡት ነበር። ይሠራ ነበር። አንዲትን መስመር ታች ለማድረስ።

ዛሬ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሳጥኖችን የሚደረድሩ ፍሌክስቦክስና ግሪድ የሚባሉ የሲኤስኤስ ዘዴዎች አሉ። ግሪድ በ2017 የጸደይ ወራት በፋየርፎክስ፣ በክሮምና በሳፋሪ በሳምንታት ልዩነት ገባ። ሁለቱም ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሳጥኖች ካልተከለከሉ በስተቀር እስከ ረጅሙ ቁመት ይለጠጣሉ። ለእትዬ ገጽ መድኃኒቱ ይኸው ነበር። የድሮውን ፍሎት አንስቼ ወላጁን ግሪድ አደረግሁት። የፍስኩ ሳጥን ውስጡ 4 ምግብ ብቻ ቢኖርም እስከ ጾሙ መጨረሻ ወረደ። መስመሩም አብሮት።

አንድ ወጥመድ አለ። «አላይን-አይተምስ» የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቅማችሁ ሳጥኖቹ ወደ ላይ ይሰብሰቡ ወይም መሃል ላይ ይሁኑ ካላችሁ መለጠጡ ይቀራል። መስመሩም ተመልሶ ያጥራል። መስመሩ እየወረደ ሳለ ድንገት ካጠረባችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህንን ነው።

ዓምዶቹ ሦስት ወይም አራት ከሆኑስ? ለእያንዳንዱ በግራው መስመር ከሰጣችሁ የመጀመሪያው ዓምድ ውጪ ላይ የማይፈለግ መስመር ይቀራል። ሲኤስኤስ ለዚህ የመደመር ምልክት አለው። «ከሌላ ዓምድ ቀጥሎ የሚመጣ ዓምድ ሁሉ» እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ከማንም ቀጥሎ አይመጣምና መስመር አይደርሰውም። ለአራት ዓምድ ሦስት መስመር፣ ልክ እንደሚገባው። ትእዛዙንም «ቦርደር-ሌፍት» ከማለት «ቦርደር-ኢንላይን-ስታርት» ብትሉት ይመረጣል። ገጹ አንድ ቀን ወደ ዐረብኛ ቢዞር መስመሩ በራሱ ወደ ትክክለኛው ወገን ይሻገራል።

ቦታ የሚወስድ መስመርና የማይወስድ መስመር

ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን የፍጥነት መንገድ የማያውቅ የአዳማ ሰው የለም። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት የመኪና መስመር አለው። እነዚያን ሦስቱን የሚለየው አስፋልቱ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ነው። ቀለሙ ቦታ አይወስድም፤ መኪና ይረግጠዋል። የሚሄደውንና የሚመጣውን የሚለየው ግን መሃል ላይ የቆመ ነገር ነው። እሱ ስፋት አለው። መንገዱ ሲሠራ ስፋቱ አብሮ ታስቧል።

ቦርደር እንደ መሃል አካፋዩ ነው። ቦታ ይወስዳል። ሁለት ዓምድ እያንዳንዳቸው 50 በመቶ ስፋት ይኑራቸው ብላችሁ ለአንዱ 1 ፒክስል ቦርደር ብትጨምሩ ድምሩ ከ100 በመቶ በ1 ፒክስል ይበልጣል። በፍሎት ዘመን ይህቺ አንድ ፒክስል ሙሉ ዓምድ ታወርድ ነበር። ቀኙ ዓምድ ቦታ አጥቶ ከግራው በታች ይወድቃል። ስንት ሰው ሌሊት አንግቷል! መፍትሔው «ቦክስ-ሳይዚንግ» የሚባለውን «ቦርደር-ቦክስ» ማድረግ ነው። ያኔ 50 በመቶው ጠርዙንም ፓዲንጉንም ጨምሮ ይቆጠራል። ዛሬ ብዙ ሰው ገጽ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጽፈው መስመር ይህ ነው፣ እኔም እንደዚያው።

ሌላው ጣጣ መስመሩ የክፍተቱ መሃል ላይ አለመሆኑ ነው። በሁለቱ ዓምዶች መሃል 32 ፒክስል ክፍተት ሰጣችሁ እንበል፣ ጋፕ በሚባለው ትእዛዝ። ቦርደሩ የቀኙ ዓምድ ነው። ስለዚህ ከግራው ጽሑፍ 32 ፒክስል ይርቃል፣ ከቀኙ ጽሑፍ ግን ምንም አይርቅም። «ክትፎ» የሚለው ቃል መስመሩ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ገጽ ላይ አየዋለሁ። ሰው ምን እንደሆነ አይለየውም እንጂ የሆነ ነገር እንደጎረበጠው ያውቃል።

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ጋፑን ትቶ ክፍተቱን በፓዲንግ መስጠት ነው። ለግራው በቀኝ በኩል 16፣ ለቀኙ በግራ በኩል 16። መስመሩ መሃል ይገባል። ሁለተኛው ጋፑን ሳይነኩ መስመሩን ከሳጥኑ ማውጣት ነው። ሲኤስኤስ ለአብዛኛው ሳጥን ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ያልተጻፈ ተጨማሪ ልጅ መፍጠር ይችላል፤ «ቢፎር» ይባላል። ለዚያ ልጅ 1 ፒክስል ስፋት፣ ከላይ ዜሮ፣ ከታች ዜሮ፣ ከግራ ደግሞ አሉታዊ 16 ትሰጡታላችሁ። ከሳጥኑ ወጥቶ ክፍተቱ መሃል ላይ ይቆማል። እንደ አስፋልት ቀለም ቦታ አይወስድም። መስመሩ ከላይና ከታች ትንሽ እንዲያጥር፣ ወይም ጫፉ እየደበዘዘ እንዲሄድ ከፈለጋችሁም ይህ ይመቻል። ተራ ቦርደር ይህን አይችልም። ሳጥኑ የተረፈውን ይቁረጥ የሚል «ኦቨርፍሎ-ሂደን» ካለው ግን መስመሩም አብሮ ይቆረጣል። ሠርታችሁ ምንም ካልታያችሁ እሱን እዩ።

አሁን ወደ ናሱ ዘንግ እንመለስ። ሲኤስኤስ ውስጥ በእውነት የክፍተቱ የሆነ መስመር አለ። «ኮለም-ሩል» ይባላል። ስሙም ያንን ዘንግ ማተሚያ ቤቶች ከሚጠሩበት ስም የመጣ ነው። ትክክል ክፍተቱ መሃል ላይ ይሰመራል። ቦታ አይወስድም፤ ብታወፍሩት ዓምዱን አይገፋም። የመጀመሪያው ዓምድ ውጪ ላይ አይሰመርም። የሚሰመረው በሁለቱም ወገን ይዘት ሲኖር ብቻ ነው። ዓይነቱን ካልነገራችሁት ግን አይታይም። ሙሉ፣ ነጠብጣብ ወይም ቁርጥራጭ በሉት። ሳይነገረው ሲቀር «የለም» ነው ትርጉሙ፣ ስፋትና ቀለም ብትሰጡትም።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አይጠቀምበትም? ኮለም-ሩል ለብዙ ዘመን የሠራው ለአንድ ዓይነት አቀማመጥ ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ ረጅም ጽሑፍ ትሰጡታላችሁ፣ «በሁለት ዓምድ ክፈለው» ትላላችሁ፣ ብሮውዘሩ ራሱ እንደ ጋዜጣ ያፈሰዋል። ለረጅም ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ የለም። ለእትዬ ዝርዝር ግን አይሆንም። ብሮውዘሩ ጾምና ፍስክ የሚባል ነገር አያውቅም። ቁመታቸውን አይቶ 18ቱን ምግብ እኩል ያካፍላል። አምስት የጾም ምግቦች ወደ ፍስኩ ወገን ይሻገራሉ። ዓምዱ የት ላይ እንደሚቆረጥ ለእናንተ ለውጥ የማያመጣ ከሆነ ኮለም-ሩልን ተጠቀሙ። ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ ግሪድ።

ካርድ ካርድ የሆኑ ብዙ ሳጥኖች ካሏችሁ ሌላም ዘዴ አለ። ለወላጁ ግራጫ ጀርባ፣ ለእያንዳንዱ ሳጥን ነጭ ጀርባ፣ በመሃላቸው 1 ፒክስል ጋፕ። በክፍተቱ ውስጥ የወላጁ ግራጫ ይታያል፤ መስመር ይመስላል። ፈጣን ነው፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሠራል። ግን 9 ቦታ ላይ 8 ሳጥን ካለ የጎደለው ቦታ ግራጫ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ገጹ ሲታተምም ችግር አለ። ብሮውዘሮች ልማዳቸው የጀርባ ቀለም አለማተም ነው፣ ስለዚህ መስመሩ ወረቀት ላይ ይጠፋል። ቦርደር ግን ይታተማል። ዝርዝሩን አትሞ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ቤት ብዙ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስልክ ላይ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ነው። የእትዬ ደንበኞች ግን አንዳቸውም ላፕቶፕ ይዘው ምሳ አይበሉም። ኪውአር ኮዱን የሚያነሱት በስልክ ነው። የብዙ ስልክ ስክሪን ለሲኤስኤስ 360 ፒክስል ገደማ ስፋት ነው ያለው። ለሁለት ሲከፈል፣ ክፍተቱና ጠርዙ ሲቀነስ፣ ለአንድ ዓምድ 150 ገደማ ይቀራል። «ምላስና ሰንበር» ብሎ ዋጋውን አጠገቡ ለመጻፍ አይበቃም።

ስለዚህ ስልክ ላይ ዓምዶቹ አንዱ ከሌላው በታች ይደረደራሉ። ያኔ ቁም መስመሩ ትርጉም ያጣል። ሳይነካ ከቀረ ከላይ ያለው የጾም ዝርዝር ባዶውን ይሆናል፣ ከታች ያለው ፍስክ ብቻ በግራው መስመር ይዞ ይቆማል። ለጥብሱ የተለየ ምልክት የተሰጠው ይመስላል። መስመሩ ከዓምዱ ጋር መዞር አለበት። ቁም የነበረው አግድም ይሁን።

እኔ ስጽፍ ከስልኩ እጀምራለሁ። መነሻው፦ ከሌላ ቀጥሎ የሚመጣ ዓምድ በላዩ ላይ መስመር ይኑረው። ከዚያ፦ ስክሪኑ 600 ፒክስልና ከዚያ በላይ ሲሆን የላዩ መስመር ይጥፋ፣ በጎኑ ይሰመር። ይህን ሁኔታ የሚቀበለው ትእዛዝ «ሚዲያ ኩዌሪ» ይባላል። ፍሌክስቦክስ ያለ ሚዲያ ኩዌሪ በራሱ ወደ ታች ማጠፍ ይችላል። ግን ሳጥኑ መታጠፉን ሲኤስኤስ አይነግራችሁም። መስመሩ የት እንዳለ ሳያውቅ እዚያው ቁሞ ይቀራል። መስመር ካለ መታጠፊያውን እናንተ ወስኑ።

የአማርኛ የራሱ ጣጣ

ይህን በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ላይ አታገኙትም። አማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ይጨመርበታል። «እንደሚያስፈልጋቸውም» አንድ ቃል ነው። ብሮውዘር መስመር የሚሰብረው ቃል ሲያልቅ ነው፤ ቃሉን መሃል ላይ አይቆርጥም። የብራና ጸሐፊዎች ይህ አያስጨንቃቸውም ነበር። ቦታ ሲያልቅ ቃሉን የትም ላይ ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገራሉ፤ ሁለት ነጥብ ስላለ ቃሉ የት እንደሚያልቅ አንባቢ ያውቃል። ብሮውዘሩ ግን ካልተነገረው አያደርገውም።

ታዲያ ይህ ከመስመሩ ጋር ምን አገናኘው? ግሪድ ላይ ሁለት ዓምድ እኩል ይሁኑ ስትሉ «1 ኤፍአር፣ 1 ኤፍአር» ትላላችሁ፤ አንድ ድርሻ፣ አንድ ድርሻ እንደማለት ነው። ይህ «እኩል» ማለት ይመስላል። በእውነት ግን «ከረጅሙ ቃል ሳታንስ እኩል» ማለት ነው። በትልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ረጅም ቃል በግራ ካለ ዓምዱ አልጠብም ይላል። ይሰፋል፣ መስመሩን ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ቀኙን ያጨናንቃል። መሃል ላይ የነበረው መስመር ያለ ምክንያት የሸሸ ይመስላል። መድኃኒቱ «ሚንማክስ» በሚባለው ትእዛዝ ዝቅተኛውን ስፋት ዜሮ ማድረግ ነው። ቃሉ እንዲቆረጥ ደግሞ «ኦቨርፍሎ-ራፕ» የሚባለውን ጨምሩለት። መስመሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ገጻችሁን ስትፈትሹ በአጭር ቃል አትፈትሹ። ያላችሁን ረጅሙን የአማርኛ ቃል አስገቡ።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። 1 ፒክስል ይበቃል። ከፊደሉ ፈዘዝ ይበል፣ ግን አይጥፋ። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ግራጫ ቤት ውስጥ ደህና ነበር። የእትዬ ግማሽ ጠረጴዛ ግን በረንዳ ላይ ነው፤ በአዳማ የቀትር ፀሐይ ስልኩ ላይ መስመሩ አልታየም። አጠቆርኩት።

ሌላ አንድ ነገር ግን በደንብ ልናገር። ቦርደር የሚታይ ነገር ብቻ ነው። ዓይነ ስውር የሆነ ደንበኛ ስልኩ ገጹን ሲያነብለት መስመሩን አይነግረውም። ለእሱ ጾሙን ከፍስኩ የሚለየው ርዕሱ ነው። ስለዚህ «የጾም» እና «የፍስክ» የሚሉት ቃላት የወፈረ ጽሑፍ ሳይሆኑ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ እውነተኛ ርዕስ ሆነው መጻፍ አለባቸው። መስመሩን ስትሠሩ ይህን ከረሳችሁ ሥራው አላለቀም።

ወደፊት ነገሩ ይቀላል። ኮለም-ሩል በግሪድና በፍሌክስቦክስ ክፍተቶች ላይም እንዲሠራ፣ ለአግድሙም «ሮው-ሩል» የሚባል እንዲኖር የድረ ገጽ ደረጃ አውጪዎቹ ረቂቅ በ2025 ወጥቷል፣ በዚያው ዓመት ክሮምና ኤጅ ላይም ሙከራው ተጀመረ። ያኔ መስመሩ በእውነት የክፍተቱ ይሆናል፣ እንደ ናሱ ዘንግ። ከአሁኑ ልትጽፉት ከፈለጋችሁ ግን ተጠንቀቁ። ከቦርደሩ ጋር ደርባችሁ ከጻፋችሁት አዲሱን የሚያውቅ ብሮውዘር ሁለት መስመር ያሰምራል። «ሰፖርትስ» በሚባለው ትእዛዝ ብሮውዘሩ ሮው-ሩልን ያውቅ እንደሆነ ጠይቁትና የሚያውቅ ከሆነ ቦርደሩን አንሱ።

የእትዬ ገጽ ላይ ለጊዜው ቦርደሩ ነው ያለው። የፋሲካ ማግስት ዝርዝሩ ተገለበጠ። ፍስኩ 16 ሆነ፣ ጾሙ 5። እትዬ በራሳቸው ስልክ ከፈቱት፣ ከዚያ የእኔን ላፕቶፕ አስከፈቱኝ፣ በጣታቸው መስመሩን ከላይ ይዘው እስከ ታች ወረዱ። «ደረሰ» አሉ።